የአሮጌዋ ሃይሉክስ የእግር ሥራ፦ ከሰበታ ዳርቻ የተያዘ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ቅዳሜ፣ ጥር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ከአባቴ የወረስኳት ባለ አንድ ጋቢና ሃይሉክስ ከሰበታ ወጣ ብሎ ባለው ግቢያችን ውስጥ ወደ ግራ ዘንበል ብላ ቆማለች። ማዘንበሏን ጎረቤቱ ሁሉ ያውቀዋል፤ እኔ ግን «መሬቱ ነው» እያልኩ ሁለት ክረምት አሳልፌአለሁ። ዛሬ ከእህል ማከማቻው ፊት ወዳለው የሲሚንቶ ወለል አውጥቼ፣ የአራቱንም ጎማ ንፋስ አስተካክዬ፣ ከቸርኬው እምብርት እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ያለውን ርቀት በሜትር ለካሁ። ከፊት ግራው 46፣ ቀኙ 48 ሴንቲሜትር ሆነ፤ ከኋላ ደግሞ ግራው 47፣ ቀኙ 50። መሬቱ ነጻ ወጣ።

መኪናዋ በፋብሪካ መለያዋ ኤልኤን 106 ስትሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ1988 እስከ 1997 ከተመረተው ከአምስተኛው የሃይሉክስ ትውልድ ናት፤ ሞተሯም 3ኤል የተባለው ባለ 2,779 ሲሲ ናፍጣ ነው። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ግን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም ከፊትም ከኋላም ድፍን አክስል (ግራና ቀኝ ጎማን የሚያያይዝ አንድ ወጥ ብረት) ያላት መሆኗና አራቱም እግሯ በባሌስትራ፣ ማለትም ተደራርበው በታሰሩ የብረት ንጣፎች፣ ላይ መቀመጡ ነው። ቶዮታ ለሰሜን አሜሪካ ገበያ እ.ኤ.አ. ከ1986 ሞዴል ጀምሮ የፊቱን ድፍን አክስል አስቀርቶ፣ ጎማዎቹ ለየብቻቸው የሚንቀሳቀሱበትን በቶርሽን ባር (በሚጠመዘዝ ዘንግ) የሚሠራ እግር ሲያስገባ፣ እንደ እኛ ላለ መንገድ በሚላኩት ላይ ባሌስትራውን ለዓመታት አቆይቶታል። ይህ ለእኔ ዕድል ነው፤ ባሌስትራ በመዶሻ፣ በቁልፍና በትዕግሥት የሚፈታና የሚገጠም ነገር ነውና።

የምፈልገው መኪናዋ ከፍ ብላ እንድትታይ አይደለም። በዓመት ጥቂት ጊዜ ከተፍኪ ገባ ብሎ፣ በበቾ ሜዳ ላይ ካለው የዘመዶቻችን ማሳ ጤፍና ሽምብራ ታመጣለች፤ በቀረው ጊዜ ገለባ፣ አሸዋና ውኃ ትጭናለች። የጅማው አስፋልት አያስቸግራትም፤ የሚያስቸግራት በበጋ እየተሰነጠቀ በክረምት ጎማ የሚውጠው የጥቁር አፈር መንገድና፣ ወደ ግቢያችን የሚያስገባው፣ ግማሹ የተነቀለው ኮብልስቶን ነው። ስምንት ኩንታል ጭና አክስሏ ከሻንሲው፣ ማለትም መኪናዋን ከሥር ከያዘው የብረት አጽም፣ ጋር ሳይጋጭ እንድትደርስልኝ እፈልጋለሁ። ለዚህ የመደብኩት ገንዘብ 40,000 ብር ነው። ከአውስትራሊያ የሚመጡት የተሟሉ የእግር ዕቃዎች ጥሩ እንደሆኑ አውቃለሁ፤ ነገር ግን የውጭ ምንዛሪው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ በዶላር የሚተመን ዕቃ ለእኔ ቢጤ የሚታሰብ አልሆነም።

ማክሰኞ፣ ጥር 6

ለዓመታት የአባቴን መኪና ሲያይ የኖረው መካኒክ፣ እኔ «ጋሼ» የምለው ሽማግሌ፣ ከሥራ መልስ መጥቶ ከሥር ገባ። ክሪክ ብቻ አምኖ ከመኪና ሥር የሚገባ ሰው አይደለምና መጀመሪያ አራት ወፋፍራም የባሕር ዛፍ ግንዶች በሻንሲው ሥር አስቀመጥን።

ያየነውን በቅደም ተከተል ላስፍር። ከአራቱ ሾኮች ሦስቱ ዘይታቸውን አፍስሰው ደርቀዋል። አንዱን ፈትቶ ቀጥ አድርጎ ያዘና ዘንጉን በሁለት ጣት ሲጫነው ያለ ምንም ተቃውሞ ወረደ፤ «ይኼ እኮ ሾክ አይደለም ልጄ፣ ቧንቧ ነው» አለኝ። አራተኛው ደግሞ ከሌላ መኪና የመጣ አጭር ሾክ ሆኖ ተገኘ፤ ጎማው ጉድጓድ ውስጥ በወረደ ቁጥር ሾኩ እስከ መጨረሻው እየተሳበ፣ በላይ በኩል የሚይዘውን የሻንሲ ጆሮ ሊገነጥለው ተቃርቧል። በባሌስትራዎቹ ጫፍና በተንቀሳቃሽ መያዣዎቻቸው ውስጥ ያሉት ጎሚኒዎች ከላስቲክነት ወጥተው እንደ ደረቀ ዳቦ ይፈረፈራሉ፤ በግራ ኋላ ያለውማ ጨርሶ አልቆ ብረት በብረት ላይ እየተሽከረከረ ቀዳዳውን ሞላላ አድርጎታል። ከእያንዳንዱ ጉድጓድ በኋላ የምሰማው ያ የመንኳኳት ድምፅ ከዚህ ነበር የሚመጣው። እኔ ግን ሳልመረምር ለሾክ ገንዘብ ላወጣ አስቤ ነበር።

ስለ ሾክ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ነገር አለ፤ ሾክ ጭነት አይሸከምም። ክብደቱን የሚሸከመው ባሌስትራው ሲሆን፣ የሾክ ሥራ ባሌስትራው ተጨንቆ ሲለቀቅ ደጋግሞ እንዳይወዛወዝ ጉልበቱን በዘይቱ ውስጥ ወደ ሙቀት ለውጦ ማብረድ ነው። ስለዚህ የዘመመችን መኪና አዲስ ሾክ አያቃናትም።

ሐሙስ፣ ጥር 8

መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ። አንዱን አሮጌ ሾክና አንድ ጎሚኒ በኩርቱ ፌስታል ይዤ፣ ሜትሬንም በኪሴ ከትቼ ሄድኩ። ዕቃውን በመኪናው ስም ብቻ የጠየቀ ሰው የተሰጠውን ይዞ ይመለሳል፤ ሃይሉክስ የሚባለው ብዙ ነውና። እኔ የሾኩን ርዝመት ተዘርግቶና ተጨምቆ፣ እንዲሁም የጆሮዎቹን ቀዳዳ ስፋት በወረቀት ይዤ ስለነበር፣ ሦስት ሻጮች «ልኩ ነው» ብለው ያቀረቡልኝን መለስኩ። የመጀመሪያው 4 ሴንቲሜትር አጭር ነበር፤ ሁለተኛው በጋዝ የሚሠራ ነው ተብሎ ዘንጉን ብጫነው በዚያው ቀረ። በጋዝ የተሞላ ሾክ ሲለቀቅ በራሱ ቀስ እያለ መዘርጋት አለበት። በመጨረሻ አራት አዲስ ሾክ በ22,000 ብር፣ ሙሉ ጎሚኒ በ4,200 ብር ገዛሁ።

በጎሚኒው ጉዳይ ትንሽ አመንትቼ ነበር። ፖሊዩሬቴን የሚባለው ጠንካራ ዓይነት ብዙ ዓመት ይቆያል፤ ሆኖም በየጊዜው የራሱን ግራሶ ካላገኘ በአቧራ ውስጥ ይጮኻል፣ ንዝረትንም እንደ ላስቲክ አይውጥም። ለኮብልስቶንና ለአቧራ መንገድ ተራውን ላስቲክ መረጥሁ። ርካሽም ነው።

ባሌስትራውን በተመለከተ ያሰብኩት አዲስ መግዛት ሳይሆን አንድ ንጣፍ መጨመር ነበር። ከሌላ ጭነት መኪና የወረዱ፣ ወርዳቸው ከእኔው ጋር እኩል 60 ሚሊሜትር የሆኑ፣ ውፍረታቸው ግን 10 ሚሊሜትር የደረሰ ሁለት ብረቶች በ3,000 ብር አገኘሁ። ወፍራም በመሆናቸው ደስ ብሎኝ ተሸክሜአቸው ወጣሁ።

ማክሰኞ፣ ጥር 13

ከከተራ እስከ ቃና ዘገሊላ ሥራ አልነበረም። በዓሉ ከመግባቱ በፊት በዛጉት ቡሎኖች ላይ ናፍጣ የተቀላቀለ ዘይት አፍስሼ ነበር፤ ዛሬ ከሦስቱ በቀር ሁሉም ተፈቱ። ሦስቱን ቆረጥናቸው።

ቅዳሜ፣ ጥር 17

ቀኑን ሙሉ የኋላው እግር ላይ ዋልን። ባሌስትራዎቹን አውርደን የመሃል ቡሎናቸውን ስንፈታ በንጣፎቹ መካከል የተጋገረው ዝገት እንደ ቅርፊት እየተላጠ ወደቀ። የእኔዎቹ በየጎኑ አራት ዋና ንጣፎችና ከሥር አንድ ቀጥ ያለ ወፍራም ረዳት አላቸው። ንጣፎቹ መኪናዋ በዘለለች ቁጥር አንዱ በሌላው ላይ መንሸራተት ሲገባቸው፣ ዝገቱ አጣብቆ እንደ አንድ ድፍን ብረት አድርጓቸው ኖሯል። አንዱ ጎን ወርዶ፣ ነገር ግን ደርቆ፣ ሁለት ተቃራኒ የሚመስሉ በሽታዎችን በአንድ ጊዜ የታመመው በዚህ ምክንያት ነው። በሽቦ ብሩሽ አንድ በአንድ አጸዳናቸው። ከሥራው ሁሉ ምንም ገንዘብ ያልጠየቀው ይህ ነው፤ ከሁሉም በላይ ለውጥ ያመጣውም ይኸው እንደሆነ በኋላ ተረዳሁ።

ከግራው ሁለተኛ ንጣፍ ጫፍ ላይ የፀጉር ያህል የቀጠነ ስንጥቅ አገኘን። እኔ «ይበየድ» አልኩ። ጋሼ ሳቀብኝ። የባሌስትራ ብረት ጉልበቱን የሚያገኘው ግሎ፣ በዘይት ውስጥ ቀዝቅዞ፣ ከዚያም በልኩ እንደገና ሞቆ ከተዘጋጀ በኋላ ነው፤ ብየዳ በነካው ቦታ ይህን ዝግጅት ያጠፋዋል፣ ከብየዳው አጠገብ ያለውም ክፍል እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ይሆናል። ለወረደ ባሌስትራ በከሰል እሳት አግሎ ማጉበጥም እንዲሁ ነው፤ ሲወጣ ያምራል፣ ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ወይ ተመልሶ ይወርዳል ወይ ይሰበራል። ያ ስንጥቅ ያለበት ንጣፍ ለአካባቢያችን ቀጥቃጭ ተሰጠና ቢላዋ ይሆናል፤ ብረቱ ለዚያ ግሩም ነው። ጋሼ ከራሱ ጓዳ ተመሳሳይ ንጣፍ አመጣልኝ።

ወፍራሙን ባለ 10 ሚሊሜትር ብረት በሁለቱም ጎን ከሦስተኛው ንጣፍ ሥር አስገብተን፣ ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስሩ ስምንት አዲስ ዩ ቦልት በአንዱ 450 ብር ሒሳብ አሠርተን አራቱን ለኋላ ገጠምን። አሮጌ ዩ ቦልት አንዴ ተስቦ የረዘመ ስለሆነ እንደገና አይታሰርም። የባሌስትራ ጫፍ ቡሎኖችን ግን አላጠበቅንም፤ መኪናዋ ከግንዶቹ ወርዳ በራሷ ክብደት መሬት ላይ ከቆመች በኋላ ነው የሚጠብቁት። በአየር ላይ ተንጠልጥላ ሳለች ከጠበቁ ጎሚኒው ተጠምዝዞ ስለሚያዝ፣ ስትወርድ ገና ከመጀመሪያው ቀን መቀደድ ይጀምራል።

ሰኞ፣ ጥር 19

ውጤቱ አሳፋሪ ነው። ባዶዋን እስከ ዓለም ገና ሄጄ ተመለስኩ። ኋላዋ ያለ ማጋነን እንደ ፍየል ይዘላል፤ በአንድ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ላይ ሁለቱም የኋላ ጎማዎች መሬት እንደለቀቁ እምላለሁ። አዲሶቹ ሾኮች እንኳ ሊይዙት አልቻሉም።

ማታ ወረቀት ይዤ ሳሰላው ስህተቴ ገባኝ። የአንድ ንጣፍ ጥንካሬ የሚያድገው ከውፍረቱ ጋር እኩል ሳይሆን ከውፍረቱ ሦስተኛ ርቢ ጋር ነው። የእኔ ዋና ንጣፎች 7 ሚሊሜትር ናቸው፤ 10 ለ7 ተካፍሎ ሦስት ጊዜ በራሱ ሲባዛ 2.9 ይሆናል። ርዝመታቸው እኩል ቢሆን ኖሮ አንድ ንጣፍ ጨመርኩ ብዬ ያስገባሁት ብረት ሦስት ሊሞላ ምንም ያልቀረው ነበር ማለት ነው፤ አራት የነበረው እግር ሰባት ሊሆን። የእኔው ብረት በርዝመት ደግሞ ከዋናዎቹ ያንሳል፤ ንጣፍ ባጠረ ቁጥር ይበልጥ ስለሚጠነክር ይህም ነገሩን አባባሰው። በሶማሌ ተራ «ወፍራም ነው» ብዬ የተደሰትኩበት ነገር ነው 3,000 ብር ያስጣለኝ።

ቅዳሜ፣ ጥር 24

በ3,400 ብር ሁለት ባለ 7 ሚሊሜትር ንጣፍ ገዝቼ ወፍራሞቹን አስወጣሁ። በዚህ ስሌት የጨመርነው አንድ አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ረዳቱን ከሥር እንዳለ ተውነው፤ እሱ መኪናዋ ሳትጫን ምንም አይነካም፣ ጭነት ሲበዛ ብቻ ነው ከላዮቹ ጋር የሚገናኘው።

እዚህ ላይ ከጋሼ ጋር ተከራከርን። እሱ እንደ ልማዱ ንጣፎቹን በተቃጠለ የሞተር ዘይት ሊቀባቸው ጣሳውን አቀረበ። የተቃጠለ ዘይት ዝገትን መከላከሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን ወደ ጫፍ ወርዶ አዲሱን ጎሚኒ ያርሰዋል፣ ላስቲክም በዘይት ሲርስ አብጦ ይሟሽሻል። በዚያ ላይ የበቾ አቧራ በዘይት ላይ ሲያርፍ እንደ ሞረድ ንጣፉን ይበላዋል። ጥቂት ደረቅ ግራፋይት ብቻ እንቀባ አልኩ። «እኔ ሠላሳ ዓመት በዘይት ነው የሠራሁት» አለ። «ጋሼ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉስ ጎሚኒ ስትቀይር አልነበር?» ብለው ዝም ብሎ ቆየና ጣሳውን ዘጋው። ደፍሬ እንደሆነ እስካሁን ያሳስበኛል።

ከኋላ ስንጨርስ ያልጠበቅነው ነገር ታየ። ፊቷን ገና ሳንነካ በግራና በቀኝ የነበረው የ2 ሴንቲሜትር ልዩነት ወደ 1 ወርዷል፤ የፊቱ ግማሹ መዝመም ከኋላው የመጣ ነበር። ሻንሲ እንደ ጠረጴዛ ነውና አንዱ እግር ሲያጥር ሌላው ላይ ይታያል። የቀረውን 1 ሴንቲሜትር ለማስተካከል ምንም አልገዛንም። የፊቱን ግራና ቀኝ ባሌስትራ አጽድተን ቦታ አለዋወጥናቸው፤ የደከመው ወደ ቀኝ ሄደ፣ ያልደከመው ሾፌሩ በሚቀመጥበት በግራ በኩል ገባ። ከፊት ንጣፍ መጨመር አልፈለግሁም። የፊቱ ከፍ ሲል ከመሪው ሳጥን ወደ አክስሉ የሚወርደው ዘንግ ይበልጥ ስለሚያዘነብል፣ ጎማው ጉድጓድ በገባ ቁጥር መሪው ከእጅ ላይ ይነቃነቃል። አክስሉ ከሻንሲው ጋር እንዳይጋጭ የሚከለክሉት የላስቲክ ትራሶችም በ1,200 ብር ተተኩ።

ባዶዋን ቆማ ለካኋት፤ ከፊት ግራው 47.5፣ ቀኙ 47 ሲሆን፣ ከኋላ ግራው 52.5፣ ቀኙ 53 ነው።

ቅዳሜ፣ የካቲት 1

ይህን ማስታወሻ ለሌላ ሰው የሚጠቅም የሚያደርገው የዛሬው ቀን ይመስለኛል፤ ስለዚህ ሳልቸኩል ልጻፈው።

ሐሙስ ዕለት ስድስት ኩንታል ያህል አሸዋ ጭኜ ስመለስ፣ በቁልቁለት ላይ ፍሬን ስይዝ አፍንጫዋ በኃይል ወደ መሬት ወደቀ፤ መኪናዋም ከለመድኩት ርቀት አልፋ ቆመች። ቤት እንደደረስኩ እጄን ወደ ጎማዎቹ አስጠጋሁ። የፊቶቹ ይፋጃሉ፣ የኋላ ታምቡሮች ግን ለብ ብለው ብቻ ነበር። ፍሬኑን ያልነካነው እኛ እግሩን ስንሠራ ፍሬኗን አበላሽተናል ማለት ነው።

ምክንያቱ ከኋላ አክስል በላይ ሻንሲው ላይ የተሰቀለ አንድ ቫልቭ ነው። ከቫልቩ የሚነሳ ዘንግ ከአክስሉ ጋር ታስሯል። መኪናዋ ስትጫን ሻንሲው ወደ አክስሉ ስለሚቀርብ ዘንጉ ቫልቩን ይገፋውና ለኋላ ፍሬን ብዙ ግፊት ይለቃል፤ ባዶ ስትሆን ሻንሲው ስለሚርቅ ግፊቱን ይቀንሳል፤ ባዶ ኋላ ብዙ ፍሬን ካገኘ ጎማው ታስሮ መኪናዋ ትዞራለችና። ቫልቩ ጭነት የሚመዝነው በቁመት ብቻ ነው። እኛ ኋላዋን በአማካይ ከ4 ሴንቲሜትር በላይ ስናነሳት፣ ስድስት ኩንታል ተጭና እንኳ ለእሱ ባዶ ሆና ትታየዋለች።

ከሥር ገብተን ስናይ ደግሞ ሌላ ነገር ተገኘ። በአክስሉ ላይ የዘንጉ መያዣ ከፋብሪካው ቦታ ወርዶ በሌላ ቡሎን ታስሯል፤ በዝገትና በጭቃ የተደፈነው የቀድሞ ቀዳዳ ከላይ ይታያል። አንድ ሰው፣ ምናልባት ከብዙ ዓመት በፊት፣ ባሌስትራው ሲወርድበት ባሌስትራውን ትቶ ዘንጉን አውርዷል። ጋሼ ያንን ቀዳዳ በጣቱ እየጠረገ «እኔ አይደለሁም» ሲል ሳልጠይቀው ነው። መያዣውን ወደ ቀድሞ ቦታው መለስነው። በግፊት መለኪያ ማረጋገጥ የሚቻልበት መሣሪያ ስላልነበረን፣ ከነገ ወዲያ ሰኞ መኪናዋን ጭኜ ወደ ተሽከርካሪ ምርመራ ጣቢያ ወስጄ ፍሬኗን በማሽን አስመረምራለሁ፤ የቦሎዬ ጊዜም ደርሷል። እስከዚያው ባዶ መንገድ ላይ በዝግታ ሞከርኳት፤ ኋላዋ ይይዛል፣ አይታሰርም።

የፊት መብራቱም መስተካከል ነበረበት፤ ኋላዋ ከፍ ሲል ብርሃኑ ከጎማው ፊት ወድቆ ነበር። ሁለት ቡሎን፣ አሥር ደቂቃ።

ሐሙስ፣ የካቲት 6

የሰኞው የማሽን ምርመራ አለፈች፤ የኋላ ግራና ቀኝ ፍሬን ተቀራራቢ ነው።

ቅዳሜ፣ የካቲት 15

ከተፍኪ ወዲያ ካለው ማሳ ስምንት ኩንታል ጤፍ ጭኜ ተመለስኩ። በአፈሩ መንገድ ላይ ከዚህ ቀደም በአንደኛ ማርሽ የማልፋቸውን ጉድጓዶች በሁለተኛ አለፍኳቸው፤ አክስሉ አንድም ጊዜ ሻንሲውን አልነካም። ተጭና ስትለካ ኋላዋ በሁለቱም በኩል 45 አካባቢ ነው፤ ረዳቱ ንጣፍ ከላዮቹ ጋር መገናኘቱን በላዩ ላይ ከወጣው የሚያብለጨልጭ ጭረት አየሁ። ባዶዋን አሁንም ከመጀመሪያው ትንሽ ጠንከር ትላለች፤ ባለቤቴ ጋቢና ተቀምጣ «ከበፊቱ ይሻላል፣ ግን ወንበሩንስ መቼ ነው የምታሠራው?» ብላኛለች።

ዩ ቦልቶቹን እንደገና አጠበቅናቸው። አዲስ ባሌስትራ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት መቶ ኪሎሜትሮች ይደላደላልና ዳዶዎቹ ይላላሉ፤ ከስምንቱ አምስቱ ሩብ ዙር ያህል ተቀበሉ።

ሒሳቡ፦ ሾክ 22,000፣ ጎሚኒ 4,200፣ ያለ ሥራ የቀሩት ወፍራም ብረቶች 3,000፣ ባለ 7 ሚሊሜትር ንጣፎች 3,400፣ ዩ ቦልት 3,600፣ የላስቲክ ትራስ 1,200፣ የጋሼ የእጅ ዋጋ 7,000፤ በድምሩ 44,400 ብር። ከመደብኩት 4,400 አልፌአለሁ፤ ከዚህ ውስጥ 3,000ው የእኔው ስህተት ዋጋ ነው። ዛሬ ሁሉንም እንደገና ብጀምር መጀመሪያ ጎሚኒውንና የንጣፎቹን ጽዳት አስጨርሼ፣ መኪናዋን አንድ ሳምንት ነድቼ፣ እንደገና ለክቼ ነበር ስለ ተጨማሪ ንጣፍ የማስበው፤ ምናልባትም ባላስፈለገኝ።

የቀረው የመሪው ነገር ነው። ከ70 ኪሎሜትር በላይ በአስፋልት ላይ መሪው ቀጭን ንዝረት አለው፤ ጋሼ የመሪ ዘንጎቹን ጫፎች ይጠረጥራል፣ እኔ ደግሞ የጎማዎቹን ባላንስ። ከሁለቱ ርካሹን በሚቀጥለው ቅዳሜ እናያለን። ሁለቱ ወፍራም ብረቶች በእህል ማከማቻው ግድግዳ ላይ ተደግፈው ቆመዋል፤ ቀጥቃጩ ትናንት አይቷቸው ዋጋ ጠይቆኛል።